ከቁልፍ ቀረጻ ወደ ሙሉ የቁልፍ ባለሙያነት፦ በሀዋሳ ገቢን የማስላትና በሙያው የማደግ መመሪያ

በሀዋሳ ወደ ቁልፍ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በቀን ስንት ቁልፍ ይቀረጻል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም መልሱ ገቢን አይወስንም፤ አንድ ቀራጭ ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ ሳይለይ የሚያገኘውን ሌላው ሁለት በሮች ላይ ቁልፍ ቀይሮ ሊያገኘው ይችላልና። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ ገቢ በሰዓት የሚለካበትን መንገድ መሠረት አድርጎ ለሙያው የሚያስፈልገውን ዝግጅት በስምንት ደረጃዎች ያቀርባል። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይገባል፤ በተለይ ሦስተኛውን ደረጃ ዘልሎ ወደ አምስተኛው መሄድ፣ ማለትም ሥራውን ሳይማሩ ማሽን መግዛት፣ መነሻ ገንዘብን ቶሎ ከሚጨርሱ ስሕተቶች አንዱ ነው።

ደረጃ 1፦ የሥራውን ዘርፎች ይለዩ

«ቁልፍ ቀራጭ» በሚለው የተለመደ መጠሪያ ሥር ዋጋቸውም ሆነ የሚጠይቁት ዕውቀት የተለያየ አራት ሥራዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቅጂ መቅረጽ ሲሆን፣ ደንበኛው ይዞት የመጣውን ቁልፍ አይቶ በተመሳሳይ ጥሬ ቁልፍ፣ ማለትም ጥርስ ባልወጣለት ቁልፍ፣ ላይ ተመሳሳይ ጥርስ ማውጣት ነው። ሁለተኛው የበር ቁልፍ መግጠም፣ መጠገንና ሲሊንደር መቀየር ነው፤ ሲሊንደር የሚባለው ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት፣ በውስጡ በጥቃቅን ሞላዎች የሚገፉ ፒኖች የተደረደሩበት የበሩ ቁልፍ ክፍል ነው። ሦስተኛው ቁልፉ የጠፋበትን ወይም ውስጡ የተሰበረበትን በር፣ ጓጉንቸርና ካዝና መክፈት ነው። አራተኛው የተሽከርካሪ ቁልፍ ሲሆን፣ ከብረቱ ቅርጽ በተጨማሪ በቁልፉ እጀታ ውስጥ ያለውን የመለያ ቺፕ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ማስተዋወቅን ያካትታል።

አራቱን በአንድ ጊዜ እሠራለሁ ብሎ ማስታወቂያ የሚሰቅል ጀማሪ በአራቱም ደካማ ሆኖ ይገኛል። የሚመከረው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጀምሮ፣ እጅ ሲፈታና ስም ሲታወቅ ወደ ቀሪዎቹ መሸጋገር ነው።

ደረጃ 2፦ የሀዋሳን ገበያ በእግር ያጥኑ

የቁልፍ ሥራ ፍላጎት የሚመነጨው ከቤት ብዛት ይልቅ ከሰው መለዋወጥ ነው። ለረጅም ዓመታት አንድ ቤተሰብ የኖረበት ግቢ ቁልፍ የሚያስቀርጸው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ ተከራይ በየጥቂት ወራት የሚቀያየርበት የኪራይ ክፍል ግን በየጊዜው ቅጂም አዲስ ሲሊንደርም ይፈልጋል። በዚህ መለኪያ ሀዋሳ ምቹ ከተማ ናት። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየወረዳው የመጡ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ ሠራተኞችን የሳበ ሲሆን፣ ኪራይ ለመቆጠብ ሲሉ ሦስትም አራትም ሆነው በአንድ ክፍል ስለሚኖሩና የሥራ ፈረቃቸው ስለሚለያይ ለአንድ በር ሦስትና አራት ቁልፍ ያስፈልጋቸዋል። በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ደግሞ ተማሪው ለመኝታ ክፍሉና ለሎከሩ ጓጉንቸር ይገዛል፤ ቁልፉንም ይጥላል። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሲሆን፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የቀድሞው የደቡብ ክልል እንደገና ሲዋቀር መሥሪያ ቤቶች ሕንፃ ለቀዋል፣ ሌሎችም ገብተዋል፤ ቢሮ የተረከበ አካል ሁሉ የቀድሞው ተጠቃሚ ቁልፍ በማን እጅ እንደቀረ ስለማያውቅ ሲሊንደሮችን መለወጥ ይገባዋል። ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱም በዚህ ላይ ይጨመራል።

ይሁን እንጂ በአንድ የፍላጎት ምንጭ ላይ ብቻ መደገፍ አደገኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣና ፒቪኤች የተባለው ትልቅ ኩባንያ ከፓርኩ ሲለቅ፣ ሁኔታው በሠራተኛው ኪራይና ሸመታ ላይ ለተመሠረተ ማንኛውም ትንሽ ንግድ ማስጠንቀቂያ ነበር። ስለዚህ ቦታ የሚመርጥ ሰው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ደንበኞች የሚተላለፉበትን መንገድ፣ ለምሳሌ መናኸሪያን ከገበያ ወይም የኪራይ ሰፈርን ከሱቆች መስመር ጋር የሚያገናኝ ስፍራ፣ መፈለግ አለበት። ውል ከመፈረሙ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋትና ከሥራ መውጫ በኋላ በቦታው ቆሞ አላፊ አግዳሚውን መቁጠር፣ በአቅራቢያው ያሉ ቀራጮችንም ምን እንደማይሠሩ መጠየቅ ይጠቅማል፤ የማይሠሩት ሥራ ለአዲሱ ሰው የተተወ ገበያ ሊሆን ይችላልና።

ደረጃ 3፦ ከማሽን በፊት እጅን ያሠልጥኑ

በኢትዮጵያ ይህ ሙያ በአብዛኛው የሚወረሰው ከሚሠራ ባለሙያ ጎን ተቀምጦ በመለማመድ ነው። ልምምዱ ከሞረድ መጀመር አለበት፦ ጥሬውን ቁልፍ ከዋናው ጋር በሞርሳ አጣብቆ በእጅ መሞረድ የቻለ ሰው ማሽኑ ሲሳሳት ስሕተቱን ያያል፣ መብራት ሲጠፋም ደንበኛውን አይመልስም። ቀጥሎ በቬርኒየር ካሊፐር መለካት፣ ሲሊንደርን ሞላው ሳይበተን መፍታት፣ ፒኖችን በአዲስ ቁልፍ ልክ መልሶ መደርደር፣ በእንጨትና በብረት በር ላይ የቁልፍ ቦታ በመሮና በትራፓኖ ማውጣት ይከተላሉ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚሰጡት የብረታ ብረት፣ የአውቶሞቲቭና የኤሌክትሮኒክስ ሥልጠናዎች ለዚህ ጥሩ ድጋፍ ሲሆኑ፣ በሙያው የብቃት ምዘና ወስዶ ያለፈ ሰው ከድርጅቶች ጋር ሲዋዋል የምስክር ወረቀቱ ክብደት ይሰጠዋል።

ልኬት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ መረዳት ያስፈልጋል። በተለመዱት የቤት ሲሊንደሮች ላይ በአንድ የጥርስ ጥልቀትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የዚያን ሩብ ያህል የተሳሳተ ቁልፍ መጀመሪያ ቢከፍትም ሲሊንደሩን እየፈተገ ይበላዋል። ከቅጂ የተቀረጸ ቅጂ የመጀመሪያውን ስሕተት ተሸክሞ የራሱን ይጨምርበታል፤ በዚህም ምክንያት ባለሙያው ዘወትር ከበሩ ጋር አብሮ የመጣውን ዋና ቁልፍ መጠየቅ፣ እሱ ከሌለም ቅጂው ሊያስቸግር እንደሚችል አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

ተለማማጅ የሚቀጥር ባለሙያ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ማሠራት እንደማይችል፣ ከ18 ዓመት በታች ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት እንደማይፈቀድ ማወቅ አለበት። በሀገሪቱ ለግል ሥራ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ የተለማማጁ ክፍያ፣ የልምምዱ ጊዜና ከዚያ በኋላ የሚኖረው ድርሻ በጽሑፍ ካልተቀመጠ ግንኙነቱ በክርክር ያበቃል።

ደረጃ 4፦ ሕጋዊ ይሁኑ

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የሚመራ ሲሆን፣ አመልካቹ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የኪራይ ውልና መታወቂያ ይዞ ወደ ክፍለ ከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የተለመደው ስሕተት ለዕቃ መሸጫ ብቻ ፈቃድ አውጥቶ የጥገና አገልግሎት መስጠት ነው፤ ተመዝጋቢው ባለሙያ ጓጉንቸር መሸጡም፣ ቁልፍ መቅረጹም፣ ደንበኛ ቤት ሄዶ መግጠሙም በየትኛው የንግድ መደብ እንደሚሸፈን መጠየቅ አለበት። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የቀድሞውን የግብር ከፋዮች ደረጃ ከጎረቤት ሰምቶ መወሰን አያስኬድም። ፈቃድ ከቅጣት ከማዳኑ በላይ ገበያ ይከፍታል፤ ሆቴል፣ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ደረሰኝ ከማይሰጥ ሰው ጋር አይዋዋሉም።

ደረጃ 5፦ መሣሪያን በሥራው ልክ ይግዙ

ለመጀመሪያው ዘርፍ የሚበቃው ሁለት መያዣዎች ያሉት አግድም የመቅረጫ ማሽን ነው። በአንዱ መያዣ ዋናው ቁልፍ፣ በሌላው ጥሬው ይታሠራል፤ መከተያው ብረት በዋናው ጥርስ ላይ ሲሄድ የሚሽከረከረው መቁረጫ በጥሬው ላይ ያንኑ ያወጣል። ሲገዙ መፈተን ያለበት መከተያውና መቁረጫው በትክክል ትይዩ መሆናቸው ነው። ይህም አንድ ዓይነት ሁለት ጥሬ ቁልፎችን አስሮ፣ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ፣ መከተያው አንዱን ሲነካ መቁረጫው ሌላውን እኩል መንካቱን በማየት ይረጋገጣል፤ ሻጩ ይህን ፈተና የማይፈቅድ ከሆነ ማሽኑን መተው ነው። ከዚህ ሌላ ሞርሳ፣ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ሞረዶች፣ ካሊፐር፣ የካቻቢቴ ስብስብ፣ ትራፓኖ፣ መሮ፣ የናስ ብናኝ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከል መነጽርና የግራፋይት ዱቄት ያስፈልጋል። ዘይት ለጊዜው ሲሊንደሩን ቢያለሰልስም አቧራ እየሰበሰበ መልሶ ስለሚያነክሰው፣ በተለይ በበጋው አቧራ፣ ደረቅ ግራፋይት ይመረጣል።

ጥሬ ቁልፍ ከመርካቶ በጅምላ ማምጣት ከሀዋሳ ቸርቻሪ ከመግዛት ሊረክስ ይችላል፤ ነገር ግን 275 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገድ የትራንስፖርት ወጪና የጠፋው የሥራ ቀን ከልዩነቱ ላይ መቀነስ አለበት። ጀማሪ የሚሳሳተው ሃምሳ ዓይነት ከየዓይነቱ ጥቂት መግዛት ላይ ነው። ለሁለት ወር ያህል ደንበኞች ይዘው የመጡትን የቁልፍ ዓይነት መዝግቦ፣ ደጋግመው የመጡትን ጥቂት ዓይነቶች በብዛት ማከማቸት ገንዘብን መደርደሪያ ላይ ከማሰር ያድናል። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ከምንዛሬ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ አቅሙን ባጣባቸው ወራት፣ የቆየ ጥሬ ቁልፍ በአሮጌ ዋጋ የሸጠ ቀራጭ ያተረፈ እየመሰለው መልሶ መግዣ አጥቷል። ዋጋ የሚሰላው ዕቃው በተገዛበት ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ ነው።

ደረጃ 6፦ ገቢን በሰዓት ያስሉ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢው በራሱ ቁጥሮች መተካት አለበት። አንድ ቅጂ 100 ብር ቢቀረጽ፣ ጥሬው 40 ብር ቢያወጣ፣ ለመብራትና ለመቁረጫ መበላት 5 ብር ቢያዝ፣ ከአንድ ቁልፍ 55 ብር ይቀራል። በቀን 12 ቁልፍ፣ በወር 26 ቀን ከተሠራ 17,160 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ የቦታ ኪራይ 6,000 ብር፣ ለግብርና ለልዩ ልዩ ወጪ 1,500 ብር፣ እንዲሁም 60,000 ብር የተገዛው ማሽን በአራት ዓመት እንዲተካ በየወሩ የሚቀመጥ 1,250 ብር ሲቀነስ 8,410 ብር ይተርፋል። በቀን 10 ሰዓት የተቀመጠ ሰው ወሩን 260 ሰዓት ስለሠራ የሰዓቱ ገቢ 32 ብር ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው።

አሁን ይኸው ሰው በወር ስምንት ጊዜ ደንበኛ ቤት ሄዶ ሲሊንደር ይቀይራል እንበል። የእጅ ዋጋው 800 ብር፣ የባጃጅ ወጪው 100 ብር፣ ከመንገዱ ጋር የሚወስደው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ በ12 ሰዓት 5,600 ብር ያገኛል፤ ይህም በ260 ሰዓት ከማሽኑ ካገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። በእርግጥ በእነዚያ 12 ሰዓታት ሱቁ ከተዘጋ ወደ 14 የሚጠጉ ቅጂዎች፣ ማለትም 792 ብር ያህል፣ ይቀርበታል፤ ይህ ተቀንሶም ጭማሪው ከ4,800 ብር ይበልጣል። እዚህ ላይ የሚገኘው መደምደሚያ ቅጂ መቅረጽ ይተው የሚል አይደለም። ለማስቀረጽ የመጣው ሰው ነው በሩ እንደተበላሸ የሚናገረው፤ ስለዚህ ማሽኑ ደንበኛ ያመጣል፣ ዋናውን ገቢ ግን የሚያስገኘው ከሱቅ ውጭ ያለው ሥራ ነው። ቅጂ የሚቀበለውን ደንበኛ ቁልፉ በደንብ ይዞር እንደሆነ፣ በሩ ይጎተት እንደሆነ መጠየቅ ራሱ ገበያ መፈለግ ነው።

ከስሌቱ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው የመቋቋሚያ ነጥብ ነው፣ ማለትም ቋሚ ወጪን ለመሸፈን ብቻ የሚያስፈልገው ብዛት፦ 8,750 ብር ለ55 ሲካፈል 160 ቁልፍ፣ በቀን ከስድስት ትንሽ የሚበልጥ ይሆናል። በጥናቱ ሳምንት ይህን ያህል ደንበኛ የማይገመትበት ቦታ መከራየት አይገባም። ሁለተኛው የብልሽት ዋጋ ነው። ከአሥር ቁልፍ አንዱ የሚበላሽበት ቀራጭ የጥሬው ወጪ ከ40 ብር ወደ 44 ብር ከፍ ይልበታል፤ ተመልሶ የመጣ ደንበኛ የሚወስደው ጊዜም አለ። አልከፈተም ተብሎ የተመለሰ ቁልፍ ያለ ክርክር በነፃ መሠራት አለበት፤ ስንት እንደተመለሰ ግን መመዝገብ ይገባል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ማሽኑ መስመሩን ስቷልና።

የሥራ ዋጋ ከመንቀሳቀስ በፊት በስልክ ይነገራል። በሌሊት በሩ የተቆለፈበትን ሰው ከደረሱ በኋላ ዋጋ ማናር ለአንድ ቀን ያተርፋል፣ ሰፈሩን ግን ያሳጣል። ለሌሊትና ለበዓል የተለየ ዋጋ መኖሩ ትክክል ነው፤ አስቀድሞ ተጽፎ በሱቁ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይኖርበታል።

ደረጃ 7፦ መዝገብ ይያዙ፣ እምቢ ማለትንም ይልመዱ

የተዘጋን በር መክፈት የሚችል እጅ በወንጀል ሊጠረጠር የሚችል እጅ ነው። ባለቤት ላልሆነ ሰው በር የከፈተ ባለሙያ በቅን ልቦና መሥራቱን ማስረዳት የሚችለው ሥራውን ሲቀበል የጠየቀውን ማስረጃ ካሳየ ነው። ስለዚህ ለመክፈትና ሲሊንደር ለመቀየር ሥራ ሁሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አድራሻውን፣ የደንበኛውን ስም፣ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያውን ቁጥርና ፊርማውን የያዘ መዝገብ ያስፈልጋል። ለቤት የኪራይ ውል ወይም የቤቱ ካርታ፣ ለመኪና ሊብሬ ይጠየቃል፤ ሰነዱ ተቆልፎበት ውስጥ ከቀረ ጎረቤት ወይም የቀበሌ ሰው ምስክር ሆኖ ይፈርማል፣ በሩ እንደተከፈተም ሰነዱ ይታያል።

መቀበል የሌለባቸው ሥራዎች አሉ። በሳሙና ላይ ከታተመ ወይም በስልክ ከተነሣ ፎቶ ቁልፍ መቅረጽ አንዱ ነው። ሌላው፣ በሀዋሳ የኪራይ ሰፈሮች በቀላሉ የሚያጋጥመው፣ ተከራይ ኪራይ አልከፈለም ብሎ አከራይ ተከራዩ በሌለበት ቁልፍ እንዲቀየር ሲጠይቅ ነው፤ የቤቱ ባለቤት መሆኑ ብቻ ተከራዩን በራሱ ኃይል ለማስወጣት ስለማያስችለው፣ ባለሙያው የፍርድ ቤት የአፈጻጸም ትእዛዝ በጽሑፍ ሳያይ መሣሪያውን ማውጣት የለበትም። በፍቺና በውርስ ክርክር ላይ ያለ ቤትም እንዲሁ ነው። የአንድ ቀን ሥራ መተው ያሳዝን ይሆናል፤ ነገር ግን አከራዩ ራሱ ይህን ባለሙያ በኋላ ለሌላ ሥራ ሲጠቁም ሊገኝ ይችላል።

ደረጃ 8፦ የዕድገቱን አቅጣጫ ይምረጡ

ሙያው ከሱቅ በላይ የሚያድግባቸው መንገዶች በመሠረቱ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የተቋም ውል ነው፦ ሆቴሎች፣ ትምህርት ቤቶችና የኪራይ ሕንፃ ባለቤቶች በወር ወይም በሩብ ዓመት ቋሚ ክፍያ ባለሙያው የበሮቻቸውን ቁልፍ እንዲጠብቅላቸው ያደርጋሉ። ውሉ ስንት ጉብኝት እንደሚጨምር፣ የዕቃውን ዋጋ ማን እንደሚሸፍን፣ ጥሪ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚመለስ መግለጽ ይኖርበታል። በሀዋሳ ሐይቅ ዳር እየበዙ ባሉት ሆቴሎች በካርድ የሚከፈት በር ሲገባ ሥራው ወደ ባትሪ፣ ወደ ካርድ አንባቢና ወደ ፕሮግራም ስለሚዞር የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት የሌለው ባለሙያ ከዚህ ውል ይቀራል።

ሁለተኛው የተሽከርካሪ ቁልፍ ነው። አሮጌ ኮሮላ የብረቱ ቅርጽ ብቻ ይበቃዋል፤ በኋላ የተሠሩት ግን ቺፕ ስላላቸው በመሪው ሥር ባለው የመመርመሪያ መሰኪያ በኩል መኪናውን የሚያነብ መሣሪያ ይፈልጋሉ። መሣሪያው ውድ ስለሆነና የሶፍትዌር ማደሻ ክፍያ ስላለው፣ ከመግዛት በፊት ለብዙ ወራት የቺፕ ሥራ ይዘው የመጡትንና የተመለሱትን ደንበኞች መቁጠር ያስፈልጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ማስገባት አቁሞ ገበያውን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ማዞሩ ለቀራጩ ሁለት ትርጉም አለው፦ በሀገሪቱ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ስለሚያረጁና ቁልፋቸው ስለሚጠፋ ለዓመታት ሥራ ይሰጣሉ፤ አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን በርቀት ቁልፍ፣ በካርድና በስልክ ስለሚከፈቱ አምራቹ ካልፈቀደ በስተቀር ለውጭ ባለሙያ ብዙም አይገለጡም። ስለዚህ መሣሪያው የሚገዛው አሁን በመንገድ ላይ ላሉት መኪኖች ተብሎ፣ ዋጋውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲመለስ ታስቦ መሆን አለበት። ለግዢው ዕቁብ ከወለድ ብድር ይልቅ ይቀልላል፤ ጣጣው ዕጣው የሚወጣበትን ጊዜ መምረጥ አለመቻሉ ነው።

ሦስተኛው ሙያውን ይዞ ወደ ውጭ መሄድ ነው። ከደቡቡ የሀገሪቱ ክፍል ብዙ ሰው በሚሰደድባት ደቡብ አፍሪካ የቁልፍ ባለሙያ በግል ጥበቃ ዘርፍ ተቆጣጣሪው አካል መመዝገብ አለበት፤ በአሜሪካ እንደ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ያሉ ግዛቶች የተለየ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ብሪታንያ ግን አትጠይቅም። ከሀዋሳ የሚሄድ ባለሙያ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን፣ የብቃት ምዘና ምስክር ወረቀቱንና ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ አስቀድሞ ማዘጋጀቱ እዚያ ከመጀመሪያው እንዳይነሣ ያግዘዋል።

ሱቁን ትቶ የሚሄድ ወይም የሚሸጥ ባለሙያ ማሽኑንና ጥሬ ቁልፎቹን ከነመደርደሪያው ማስረከብ ይችላል፤ የደንበኞችን አድራሻና መታወቂያ የያዘው መዝገብ፣ የተቋማት ቁልፍ ቁጥሮችና የቀሩ መጠባበቂያ ቁልፎች ግን በሽያጩ ውስጥ አይገቡም። ቁጥሮቹና ቁልፎቹ በፊርማ ለየባለቤቶቹ ይመለሳሉ፣ መዝገቡም በባለሙያው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል።